ገመዱን የመለሱት ሰው

ባለፈው እሑድ ከመዝሙር በኋላ ጋሼ ሽፈራው አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዘው ወደ ማይክራፎኑ ወጡና ሦስት መስመር አነበቡ። «ወንድማችን ምትኩ ወደ ጌታ ሄዷል። በመካከላችን ለብዙ ዓመታት በትሕትናና በዝምታ አገልግሏል። ጌታ ቤተሰቡን ያጽናና።» ወረቀቷን አጠፏት። ቀጥሎ የፓርኪንግ ማስታወቂያ መጣ፤ የጎረቤት በር ላይ መኪና አታቁሙ። ለፓርኪንጉ አምስት መስመር ነበር።

በዝምታ!

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ጋሼ ምትኩ ዝምተኛ አልነበሩም። ሲስቁ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው አዳራሽ የሚሰሙ፣ ሲዘምሩ ከዜማው የሚወጡ፣ ቀኑን «ይሄስ አልመሰለኝም» ሳይሉ የማይውሉ ሰው ነበሩ። ዝም ካሉ ዝም ያሰኟቸው ሰዎች አሉ፤ ወረቀቷን ያነበቡት አንዱ ናቸው። ቤተሰብ የተባለውም እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ የለም። ቤተሰባቸው እኛ ነበርን። እና ጌታ ማንን ነው የሚያጽናናው? እኛን? እኛ ምናችን ተነካ?

እማዬ በክርኗ ጎኔን ነካ አድርጋ «ፊትሽን አስተካክይ» አለችኝ። አላስተካከልኩም። ቤት ገብቼ ደብተር አወጣሁ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። በአማርኛ አንድ ሙሉ ገጽ ሳልሰርዝ መጻፍ ከቻልኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም፤ እና ልንገራችሁ፣ ደስ ይላል! እጄ ራሱ ነው የሚሮጠው። መሠረቱን ያስያዙኝ ደግሞ እሳቸው ናቸው። ሦስት መስመር አይበቃቸውም።

ጋሼ ምትኩ በሥራ ቀን መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዱ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት የቤተ ክርስቲያናችንን ቫን ይዘው ሰፈራችንን ፋልከንሪጅን በየበሩ እየዞሩ እኛን ልጆቹን ይለቅሙና፣ በተከራየነው ሕንፃ ምድር ቤት አማርኛ ያስተምሩናል። ቫኑን ወደ ኋላ ከመንዳታቸው በፊት ሁልጊዜ ይወርዳሉ፤ ተንበርክከው ከሥሩ ያያሉ። በረዶ ላይም ቢሆን፣ ቸኩለንም ቢሆን። «ጋሼ፣ ካም ኦን፣ ምን ጠፋዎት?» እንላቸዋለን። «ካየሁ በኋላ እነግራችኋለሁ» ይላሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ድመት ብቻ ነበር ያገኙት። ያን ቀን እንደ ንጉሥ ነዱ።

ጽሑፌን በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው የሚያርሙት። «ዓረፍተ ነገርሽ ዋና አይችልም። ይኸው፣ መሀል ላይ ሰጠመ። ለሁለት ክፈይውና ይተንፍስ» ይሉኛል። ሌላ ቀን ደግሞ ብዙ ቅጽል ስደረድር «ይሄን ሁሉ ሻንጣ ማን ይሸከምልሻል?» አሉኝ። እኔ ተናደድኩ። እሳቸው ሳቁ።

ይህን የባሕር ወሬ ከየት አመጡት? ካናዳ ሲገቡ መጀመሪያ የተመደቡት ካልጋሪ አልነበረም። በቫንኩቨር ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ውቅያኖሱ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ሚጢጢ መንደር ነው። አንድ ሱቅ፣ አንድ ነዳጅ ማደያ፣ አንድ የዓሣ ማቀነባበሪያ፣ ከዚያ ወዲያ ዝናብ። እና ረጅም አሸዋ። ማዕበሉ ትልቅ ስለሆነ በጣውላ ላይ ቆመው ሞገድ የሚጋልቡ ወጣቶች ከየአገሩ ይመጣሉ። ጋሼ ምትኩ እዚያ አራት ዓመት ዓሣ ሲያጥቡ ኖሩ። ክፍል ያከራየቻቸው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነበረች፤ ሚስስ ዶሪን። ሚስስ ዶሪን የወፍ ዘበኛ ነበረች። እውነቴን ነው። በዚያ አሸዋ ላይ የምትፈለፍል አንዲት ብርቅ ወፍ አለች፤ በጸደይና በበጋ የመንደሩ ሰዎች በየተራ ይጠብቋታል። ሚስስ ዶሪን ጉልበቷ ሲያማት የእሷን ተራ ጋሼ ምትኩ ይዘው ቀሩ።

ስለዚች ወፍ ሲያወሩ እጃቸውን ጨብጠው ነው፤ የምታክለው ያንን ነው። «መልኳ አሸዋ፣ አንገቷ ላይ እንደ ክራቫት ጥቁር መስመር አላት። ጎጆ አትሠራም። አሸዋውን በደረቷ ጎድጎድ ታደርግና እዚያው ትጥላለች። እንቁላሏ ጠጠር ነው የሚመስለው፤ ፊትሽ ቢሆን አታዪውም።»

«ታዲያ ሞኝ ናታ!» አልኩ።

«ሞኝ አይደለችም። አይተው ይረግጣሉ ብላ አምናን ነው።»

በዚያ ክፍል ውስጥ ከተማርኩት ሰዋስው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት በበጋ ሰባት ልጆች ልንጠመቅ ሆነ። የተከራየነው ሕንፃ ውስጥ ሰው ሙሉ ለሙሉ የሚጠልቅበት ገንዳ የለም። ጋሼ ምትኩ ናቸው «ባሕር እንውሰዳቸው» ያሉት። «እነዚህ ልጆች ከቦው ወንዝ ሌላ ውሃ አያውቁም። አንድ ጊዜ እንኳ ዳርቻ የሌለው ውሃ ይዩ።» እኛ ጮኽን፣ አጨበጨብን። ያን ጊዜ ቋሚ ፓስተር አልነበረንም፤ የሽማግሌዎቹ ሊቀ መንበር ጋሼ ሽፈራው ነበሩ፤ እሳቸውም እሺ አሉ። ስለዚህ ልብ በሉልኝ፦ መንደሪቱ የጋሼ ምትኩ ነበረች። እንግዳ ይዘው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ፀጉራቸውን ተቆርጠው ነበር።

ቫናችን ከፊት፣ የወላጆች መኪኖች ከኋላ ሆነን ሁለት ቀን ነዳን። ተራራውን አለፍን፣ መንገድ ላይ አዳራሽ ወለል ላይ አደርን፣ በመርከብ ተሻገርን። በመጨረሻው ጫካ ውስጥ ስንገባ ቫኑ በሙሉ ይዘምራል፣ ያጨበጭባል። እኔ ፊት ወንበር ላይ ነኝ። ጋሼ ሽፈራው ልክ ከኋላችን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጨበጭባሉ። ያኔ ጋሼ ምትኩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ስሙኝማ!» አሉ። «አሸዋው ላይ በገመድ የታጠረ ቦታ ታያላችሁ። ገመዱን እንዳትነኩ። ወደ ውስጥ እንዳትገቡ። ወፏ እንቁላል ላይ ናት!»

መዝሙሩ አላቆመም። እኔ ግን ሰማሁ። «እሺ ጋሼ» ብዬ መልሻለሁ፤ በአፌ።

ዳርቻው ላይ አውርደውን፣ ጥምቀቱን ማየት የፈለገችውን ሚስስ ዶሪንን ሊያመጡ ተመለሱ።

ባሕሩን ሳይ ምን እንደ ሆንኩ ሌላ ጊዜ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ንዴት ላይ ነኝ። ጥቁር የጎማ ልብስ የለበሱት ወጣቶች ማዕበሉ ላይ ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ ደግሞ ይወድቃሉ። እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እነዚህ ምን ኃጢአት ሠርተው ነው በዚህ ብርድ የሚቀጡት?» አሉ። ሳቅን። ግን እናቶች ፈርተዋል። ውሃው ሲመለስ ከእግር ሥር አሸዋውን ይዞት ይሄዳል። «ልጄን ቢወስድብኝስ?» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ጋሼ ሽፈራው ባደጉበት አገር ጥምቀት የሚደረገው በወንዝ ነው። ወንዙ ሲሞላ ከዳር እስከ ዳር ገመድ ይዘረጋና ተጠማቂው ያንን ይዞ ይገባል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየዓመቱ ይነግሩናል። እና እሳቸው ዞር ሲሉ ምን ያያሉ? አሸዋው ላይ፣ በእንጨት ችካሎች ዙሪያ፣ አዲስ ቢጫ ገመድ። ባለቤት የለው፣ ሰው የለው።

«ያህዌ ይርኤ!» አሉ እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። «ለአብርሃም በጉን በቁጥቋጦ ያዘጋጀ አምላክ ገመድ አዘጋጀልን!»

እልል ተባለ። ችካሉ ላይ ትንሽ ሰሌዳ ነበረች፤ ከነጽሑፏ አብራ ተነቀለች። ሁለት ሰዎች ገመዱን ይዘው ወደ ውሃው ሮጡ። የታጠረው ቦታ ደግሞ ከትልቅ ግንድ ሥር ስለሆነ ነፋስ አይገባውም፤ እናቶች ምንጣፉን፣ የምግቡን ሣጥን፣ ልብሱን እዚያው ዘረገፉት።

እኔስ? እኔ ሰምቼ ነበር። «እማዬ፣ ጋሼ ምትኩ ግን—» አልኩ። «ልጅት፣ ወሬውን ተዪና ወንበሩን ዘርጊ» አለችኝ። ዘረጋሁ። የሚታጠፍ ሰማያዊ ወንበር፣ አራት ቀጭን እግር ያለው።

ጋሼ ምትኩ ሚስስ ዶሪንን በክንዷ ይዘው ከዛፎቹ መሀል ሲወጡ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ቆሜ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። እየሮጡ መጡና ልክ ዳር ሲደርሱ ቆሙ። «ማንም እግሩን እንዳያነሣ!» ብለው ጮኹ። ሕዝበ ክርስቲያኑ ደረቀ። እትዬ አስናቀች ዳቦ እንደያዙ ቀሩ። ጋሼ ምትኩ በአዲሱ ሱሪያቸው ተንበረከኩ፤ በእጃቸውና በጉልበታቸው፣ አሸዋውን በዓይናቸው እየበሉ፣ ስንዝር በስንዝር ገቡ። ከየት እንደሆነ አላውቅም ወፏ ትጮኻለች፤ ቀጭን ድምፅ፣ አንድ ዓይነት፣ የማያቋርጥ።

አገኟቸው። አራት ነበሩ። ሦስቱ ደህና ናቸው። አራተኛው ላይ የሰማያዊው ወንበር እግር ቆሟል።

«የማን ወንበር ነው?» ብለው ቢጠይቁ ይሻለኝ ነበር። አልጠየቁም። ወንበሩን ቀስ አድርገው አንሥተው ወደ ጎን አኖሩት። ከዚያ ሰዉን ሁሉ አንድ በአንድ፣ በመጣበት ዱካ፣ ወደ ኋላ እያስረገጡ አስወጡት። አርባ ሰው ወደ ኋላ ሲራመድ አስቡት። ሞገድ የሚጋልቡት ወጣቶች ቆመው ያያሉ። ሚስስ ዶሪን ግንዱ ላይ ተቀምጣ እጇን ጉልበቷ ላይ ታሻሻለች።

ከዚያ ጋሼ ምትኩ ሞገድ ጋላቢዎቹን አነጋግረው ወደ ውሃው ሄዱ። ጋሼ ሽፈራው ወገባቸው ድረስ ገብተው የመጀመሪያውን ልጅ ይዘዋል።

«ጋሼ ሽፈራው፣ ገመዱን ይስጡኝ።»

«አሁን? ጥምቀት ላይ ነን እኮ!»

«ገመዱ የኛ አይደለም። እንቁላል የሚጠበቅበት ነው። አንዱ ተሰብሯል።»

«አንተ ምትኩ፣ ከነፍስ ወፍ ይበልጥብሃል?»

«ጥምቀቱን ማን ከለከለ? ገመዱን ነው ያልኩት። ገመድ ካስፈለገ እነዚያ ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆሙልናል፤ ማዕበሉን ያውቁታል። ጠይቄያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።»

እሺ ብለው ነበር! ስድስት የጎማ ልብስ የለበሱ ወጣቶች ጣውላቸውን ጥለው መጥተው ነበር። አንደኛው ሹሩባ የተሠራ፣ «ኖ ፕሮብለም» እያለ ይስቃል። እንዴት ያለ ጥምቀት ይወጣው ነበር! ጋሼ ሽፈራው አዩአቸውና «ከነዚህ ጋር? በፍጹም» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ከባሕሩ አዙረው ነበር። ለባሕር ጀርባ አይሰጥም። አንድ ማዕበል መጣና ሽማግሌያችንን አንሥቶ አሸዋው ላይ አስቀመጣቸው፤ መነጽራቸውን ለራሱ አስቀረ። የሳቀ ሰው ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ያን ቀን የሠራሁት ብቸኛ ጥሩ ነገር እሱ ነው።

የዚያን ቀን ማንም አልተጠመቀም። ጋሼ ምትኩ ገመዱን መለሱ፤ ችካሎቹን በድንጋይ እየመቱ ተከሉ፤ ሚስስ ዶሪን ሰሌዳዋን ይዛ ከጎናቸው ቆመች። እኛ በየመኪናችን ተቀምጠን ጠበቅናቸው። ማንም ወርዶ አላገዘም።

ካልጋሪ ስንመለስ፣ በሳምንቱ፣ ከአምልኮ በኋላ አባላት ሁሉ እንዲቀመጡ ተደረገ። ጋሼ ሽፈራው አዲስ መነጽር አድርገዋል። «ወንድም ምትኩ ሳያስጠነቅቀን ወስዶን፣ በአሕዛብ ፊት አዋርዶን፣ የጌታን ሥርዓት አስተጓጉሏል» አሉ።

«ነግሬያለሁ» አሉ ጋሼ ምትኩ። «ቫን ውስጥ ነግሬያለሁ።»

«ማን ሰማ?»

ቫን ውስጥ የነበሩት ሁሉ ጫማቸውን አዩ።

«እኮ፣ ማን ሰማ?»

እማዬ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ሳትቆነጥጠኝም አልናገርም ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤ የወንበሩን ነገር ይጠይቁኛል ብዬ ፈራሁ። ጋሼ ምትኩ ወደ እኔ አልዞሩም። ከእኔ በስተቀር ሁሉንም አዩ፤ እኔን አላዩኝም።

«ይቅርታ ጠይቅ» ተባሉ። «ስለ ጮኽኩት ይቅርታ። ስለ ገመዱ ግን አልጠይቅም» አሉ። የቫኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የቅዳሜውም ክፍል ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ የኋላው ረድፍ፣ ኮት መስቀያው አጠገብ ነበር ቦታቸው። ቁልፉን እስኪሞቱ ድረስ ማንም አልመለሰላቸውም። ይህን ነው «በዝምታ አገልግሏል» የሚሉት!

በመስከረም ጥምቀቱ በመዋኛ ገንዳ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሰሜን ምሥራቅ ያለ አንድ ገንዳ ለሁለት ሰዓት ተከራዩ። እኔ አልጠመቅም አልኩ። ኩራቴ አይጣል ነው። አውቶቡስ ይዤ ጋሼ ምትኩ ወደሚኖሩበት ምድር ቤት ሄድኩና «ቁልፍዎን ካልመለሱልዎ አልጠመቅም ብያቸዋለሁ» አልኳቸው። ያቅፉኛል ብዬ ነበር።

የቡትስ ጫማቸውን ክር እየቀየሩ ነበር። ቀና አላሉም።

«ማን ሰማ ሲሉ አፍሽ የት ነበር?» አሉኝ።

የበሩን እጀታ ያዝኩ።

«እሺ ጋሼ ብለሽ የመለስሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ። አንድ ሰው ሰምቶኛል ብዬ ነው መሪዬን የያዝኩት፣ አንድ ሰው ካለ ይበቃል ብዬ ነው ትቻችሁ የሄድኩት። አሁን በእኔ ተከልለሽ ትቆጫለሽ። ቁልፉ የቤተ ክርስቲያን ነው። ጥምቀቱ ያንቺ ነው። እኔን መደበቂያ አታድርጊኝ።»

«ጋሼ፣ ሶሪ፣ እኔ—»

«ለእኔ አይደለም የምትነግሪኝ። እኔማ አውቀዋለሁ።»

ወጣሁ። አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ቤት ድረስ በሳቸው ተናድጄ አለቀስኩ። ደግ ሰው ነበሩ ብዬ ብቻ ብጽፍ ዋሽቻለሁ፤ ሲቆጡ ያቃጥላሉ። እና ልክ ነበሩ፤ እሱ ነው ያናደደኝ።

የገንዳው ቀን፣ ፕላስቲክ ወንበሮች ተደርድረዋል፣ ክሎሪኑ ዓይን ያቃጥላል። ጋሼ ሽፈራው ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ናቸው። በእኛ ልማድ ተጠማቂ ከመግባቱ በፊት ዳር ቆሞ ምስክርነት ይሰጣል። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ «ጌታን ካወቅሁ ወዲህ ሰላም አግኝቻለሁ» አሉ፤ አሜን ተባለላቸው፣ ገቡ፣ ወጡ። የእኔ ተራ ደረሰ። ሰላም አላገኘሁም ነበር።

«ባሕሩ ዳር እንቁላሉ ላይ የቆመው ወንበር የኔ ነው» አልኩ። ገንዳ ውስጥ ድምፅ ይመለሳል፤ የኔ ነው፣ የኔ ነው፣ አለብኝ። «የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ምትኩ ቫን ውስጥ ገመዱን አትንኩ ብለው ነበር። ጮክ ብለው ነው የተናገሩት። እኔ ሰምቻለሁ፤ እሺ ብያለሁ። ማን ሰማ ሲባል ዝም አልኩ።»

አሜን ያለ የለም። ውሃው የሚገባበት ቱቦ ብቻ ይንሾካሾካል። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋለች።

«ልጄ፣ ይሄ ምስክርነት አይደለም» አሉ ጋሼ ሽፈራው ቀስ ብለው።

«ነው እንጂ!» አሉ እትዬ አስናቀች ከሁለተኛው ረድፍ። «ታዲያ ምስክርነት ማለት ምንድን ነው?»

ጋሼ ሽፈራው ውሃውን አዩ። እኔንም ሆነ ጋሼ ምትኩን ሊያዩ አልደፈሩም። «ጨርሰሻል?» አሉኝ።

«አልጨረስኩም።» ዞርኩ። ጋሼ ምትኩ መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። «ጋሼ፣ ሰምቼዎት ነበር» አልኳቸው።

ተነሡ። የፕላስቲክ ወንበሩ ጮኸ።

«እኔም ሰማሁሽ» አሉ። «አሁን ግቢ።»

ገባሁ።